የኋሊት የሚጫወት ድምፅ፤ ምን ይሰማበታል? ምንስ አይሰማበትም?

ከመኝታ ቤት ወሬዎች አንዱና የማያረጀው «እገሌ የተባለው ዘፈን የኋሊት ሲጫወት እንዲህ ይላል» የሚለው ነው። አንዱ የዘፋኙን ሥራ ይጠቅሳል፤ ሌላው የሰባኪውን ቃል ያነሣል፤ ሦስተኛው ደግሞ የፖለቲከኛውን ንግግር አምጥቶ «ስሙ! ይኸው ሳይወድ በግዱ እውነቱን ተናገረ» ይላል። ቀድሞ ነገሩን ለማረጋገጥ መሣሪያ ያስፈልግ ስለ ነበር ወሬው ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን ማንኛውም ተማሪ በእጅ ስልኩ ወይም በቤተ መጻሕፍት ባለው ኮምፒዩተር፥ አንድ ሳንቲም ሳይከፍል፥ በብራውዘር ውስጥ በሚከፈት ገጽ ብቻ የፈለገውን ድምፅ በአንድ አፍታ ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህም ወሬው «ማስረጃ» አግኝቷል። ማስረጃው ማስረጃ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር፥ ከዚያም በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን በ1877 የሠራው ፎኖግራፍ በእጅ የሚዞር ሲሊንደር ነበረው፤ በሲሊንደሩም ላይ በተጠቀለለ ስስ ብረት ላይ መርፌ የድምፁን እንቅስቃሴ እየጫነ ይቀርጽ ነበር። እጀታውን ወደ ፊት ያዞረ ሰው የተናገረውን መልሶ ይሰማል፤ ወደ ኋላ ያዞረው ደግሞ ያንኑ ከመጨረሻው ጀምሮ ይሰማዋል። እንግዲህ ድምፅን መቅረጽና ድምፅን የኋሊት መስማት እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ኤዲሰን ራሱም ዘፈን የኋሊት ሲጫወት ብዙ ጊዜ ዜማነቱን እንደማያጣ ተመልክቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሸክላ መጣ፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ያስቀረጹበት ዓይነት ሸክላ ማለታችን ነው። ሸክላን በጣት እየገፉ የኋሊት ማዞር ቢቻልም ፍጥነቱን እኩል አድርጎ መጠበቅ ያስቸግራል፤ መርፌውም ሸክላውም ይጎዳል። ነገሩን ያቀለለው በ1935 በበርሊን ለሕዝብ የታየው የማግኔት ቴፕ መቅረጫ ነው። ቴፕ እንደ ጥብጣብ ያለ ነገር ስለ ሆነ በመቀስ ቆርጦ፥ ጫፉን አዙሮ፥ መልሶ ማጣበቅ ይቻላልና።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ሰው አለ። ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 በካይሮ ከተማ፥ በቀጭን ሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ፥ የዛር ሥርዐት የሚያደርጉ ሴቶችን ድምፅ ቀረጸ። (ዛር የሚለው ቃል ለእኛ አንባቢ ትርጓሜ አያሻውም።) ከዚያም ወደ ራዲዮ ጣቢያ ወስዶ፥ የድምፁን ግማሽ እያጣራ፥ ገደል ማሚቶ እየጨመረ፥ ከቃሉና ከከበሮው ሌላ ዓይነት ሙዚቃ አወጣ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ የባቡርን ድምፅ በሸክላ ቀርጾ፥ እየቆራረጠና እየለዋወጠ ሙዚቃ ያደረገው በ1948 ነው፤ ስለዚህ ግብጻዊው ቀዳሚ ነው። ኤል ዳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ አስተማረ፤ በ1963ም ክራርን፥ በገናን፥ ማሲንቆንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያስቀመጠውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ድምፅን እንደ ጭቃ አለስልሶ መሥራት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ በዚህች ከተማ አስተማሪ እንደ ነበር የሚያስታውስ ተማሪ ብዙ አይመስለንም።

የኋሊት ድምፅ በዓለም ሁሉ ጆሮ የገባው ግን በ1966 ነው። በዚያ ዓመት ቢትልስ የተባሉት እንግሊዞች «ሬይን» በተባለው ዘፈናቸው መጨረሻ ላይ የጆን ሌነንን ድምፅ ገልብጠው አስገቡ። ከዚያ ወዲህ የተከተላቸው ብዙ ነው፤ ያን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ብራውዘሩ እንምጣ። ኮምፒዩተር ድምፅን የሚያውቀው በቁጥር ብቻ ነው። ማይክሮፎኑ የተቀበለው የአየር ግፊት በየሴኮንዱ አብዛኛውን ጊዜ 44,100 ጊዜ ይለካና ልኩ በተራ ይጻፋል። የአንድ ደቂቃ ድምፅ 2,646,000 ቁጥሮች ነው፤ ግራና ቀኝ ለየብቻ ከተቀረጸ ደግሞ እጥፉ፥ 5,292,000 ይሆናል። ድምፅን የኋሊት ማድረግ ማለት ይህን ረጅም የቁጥር ሰልፍ «ወደ ኋላ ዙር!» እንደ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር መጀመሪያ፥ የመጀመሪያውም መጨረሻ ይሆናል። አንድም ቁጥር አይጨመርም፥ አንድም አይቀነስም። ስለዚህ የተገለበጠውን ድምፅ እንደ ገና ብንገለብጠው የመጀመሪያው ምንም ሳይጓደል ይመለሳል።

ታዲያ ብዙዎቻችን የምንይዘው ፋይል፥ ለምሳሌ ኤም ፒ ስሪ የሚባለው፥ እነዚህን ቁጥሮች በቀጥታ የያዘ አይደለም፤ ቦታ ለመቆጠብ ታጥፎ የተጨመቀ ነው። የታጠፈ ልብስ ሳይዘረጋ እንደማይለበስ ሁሉ፥ ይህም ፋይል መጀመሪያ መዘርጋት አለበት። ብራውዘሩ ይህን ራሱ ያደርጋል፤ ሲዘረጋው ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት የማስታወሻ ቦታ ይይዛል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በግራና ቀኝ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ድምፅ 21 ሜጋባይት ያህል፥ የአንድ ሰዓት ሌክቸር ደግሞ 1,270 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። የእጅ ስልክ በረጅም ፋይል ላይ ደርቆ የሚቀረው ወይም ገጹ ብድግ ብሎ የሚዘጋው ስለዚህ ነው። መፍትሔው የሚፈለገውን ግማሽ ደቂቃ ቆርጦ ማውጣትና እርሱን ብቻ መገልበጥ ነው።

አሠራሩ ይህን ያህል ትምህርት አይጠይቅም። ገጹን ከፍቶ ፋይሉን መምረጥ፥ የድምፁ ሥዕል እስኪታይ መጠበቅ፥ «ሪቨርስ» የሚለውን ቁልፍ መጫን፥ መስማት፥ ከዚያም ማስቀመጥ ነው። ሁለት ነገር ብቻ እናሳስባለን። አንደኛው፥ ሲያስቀምጡ ዌቭ የሚባለውን ዓይነት መምረጥ ነው፤ ኤም ፒ ስሪ ከተመረጠ ድምፁ ሁለተኛ ይጨመቅና ጥቂት ይጎዳል። ሁለተኛው፥ ጊዜው ጭምር እንደሚገለበጥ አለመርሳት ነው። በ3 ደቂቃ ዘፈን ውስጥ በ20ኛው ሴኮንድ ላይ የነበረ ቃል ከተገለበጠ በኋላ የሚገኘው በ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ላይ ነው። በቀድሞው ቦታ ፈልጎ «ጠፋ» የሚል ሰው አይታጣም።

ከዚህ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ፋይሉ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በነጻ የሚሰጡት ገጾች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት ፕሮግራሙን ወደ እኛ ኮምፒዩተር ልኮ ሥራውን እዚሁ ያስፈጽማል፤ ድምፃችን ከእጃችን አይወጣም። ሁለተኛው ዓይነት ድምፃችንን ወደ ሩቅ ኮምፒዩተር ወስዶ፥ እዚያ ገልብጦ ይመልስልናል፤ ቅጂው እዚያ ይቅር አይቅር የምናውቅበት መንገድ የለንም። ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ገጹ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔቱን ማቋረጥና ሥራውን መሞከር ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ከሠራ ድምፁ ከእኛ ጋር ነው። ለዘፈን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን ከእኛ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፍ ብለው የሽማግሌዎችን ቃል፥ የሕመምተኞችን ታሪክ፥ የተፈናቀሉ ሰዎችን ምስክርነት የሚቀርጹ አሉ። እነዚያ ሰዎች የተናገሩት ለጠያቂው ተማሪ እንጂ ባለቤቱ ለማይታወቅ ማሽን አይደለም። ዋጋው ባዶ ነው ማለት ምንም አይወሰድብንም ማለት አይደለምና።

ድምፅ ሲገለበጥ ጆሮ ምን ይሰማል? ሁሉም ድምፅ እኩል አይለወጥም። ክራር ሲመታ ድምፁ በድንገት ይወለዳል፥ ከዚያም ቀስ እያለ ይሞታል። ሲገለበጥ ከምንም ተነሥቶ እየገነነ ይመጣና ጫፍ ላይ ሲደርስ በቢላዋ እንደ ተቆረጠ ይቆማል፤ ክር መመታቱ ቀርቶ በአኮርዲዮን የተነፋ ይመስላል። ከበሮም እንዲሁ ነው፤ ምቱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አየር የሚመጠጥ ያህል ይሰማል። ማሲንቆና ዋሽንት ግን ብዙ አይለወጡም፤ ምክንያቱም አንድን ድምፅ ይዘው የሚያቆዩ መሣሪያዎች ስለ ሆኑ መሐሉ ከፊትም ከኋላም ያው ነው። በትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ ደግሞ ከሁሉ ይገርማል፤ ገደል ማሚቶው ከተናጋሪው ቀድሞ ይመጣል። ከዚህ የምንረዳው በድምፁ ውስጥ ያሉት ቀጫጭንና ወፋፍራም ቃናዎች መጠናቸው እንዳለ መሆኑን ነው፤ የተለወጠው ተራቸው ብቻ ነው። የሰው ድምፅ ተገልብጦም የማን እንደ ሆነ፥ የወንድ ይሁን የሴት የምናውቀው ስለዚህ ነው።

በቋንቋችን ላይ ሲሆን ነገሩ የበለጠ ያስደስታል። ብዙ ሰው ቃል የኋሊት ሲጫወት ፊደሉ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ተነበበ አድርጎ ያስባል፤ ነገር ግን የእኛ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት የያዘ ስለ ሆነ እንዲህ አይደለም። «ሰላም» የሚለውን በፊደል ከገለበጥነው «ምላሰ» ይሆናል። በድምፅ ግን ተራው ስ፥ ኧ፥ ል፥ ኣ፥ ም ነውና፥ ሲገለበጥ ም፥ ኣ፥ ል፥ ኧ፥ ስ ይሆንና «ማለስ» ይሰማል። መቅረጫው ሆሄውን ከመሐል ሰንጥቆ ይገለብጠዋል ማለት ነው። «ላላ» በጽሕፈት ከግራም ከቀኝም ያው ነው፤ በድምፅ ግን «አላል» ይሆናል። በአንጻሩ «አባ»፥ «አያ»፥ «ነን» የሚሉት ቃላት በድምፅ ከፊትም ከኋላም አንድ ናቸው። ከሁሉ የሚያስቁት ግን ተገልብጠው ሌላ ቃል የሚሆኑት ናቸው፤ «ሣር» «ራስ» ይሆናል፥ «ላም» «ማል» ይሆናል፥ «ሳል» «ላስ» ይሆናል፥ «ዳር» «ራድ» ይሆናል፥ «ሳም» ያሉት ሰው «ማስ» ተብሎ ይታዘዛል። ሞክሮ የሰማ ሰው በእርግጥ ፍጹም እንዳልሆኑ ያስተውላል፤ በቃል መጀመሪያ ያለ «ር»ና በመጨረሻ ያለ «ር» በአፍ ውስጥ አሠራራቸው ጥቂት ይለያያልና።

መጥበቅና መላላትም አለ። የበዓሉን «ገና» እና ጊዜ ያልደረሰ መሆኑን የሚናገረውን «ገና» በጽሕፈት አንለያቸውም፤ መቅረጫው ግን የ«ን»ን ርዝመት ስለሚይዝ ቃሉ ተገልብጦም አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ይሰማል። «ጠ»፥ «ጨ»፥ «ቀ»ን የመሰሉት ፈንጂ ድምፆች ግን ይጨነቃሉ። እነዚህን ስንናገር አየሩ ይታፈንና በድንገት ይፈነዳል፥ ከዚያ ቅጽበት የማይሞላ ዝምታ ይከተላል፥ ከዚያም አናባቢው ይመጣል። ሲገለበጥ አናባቢው ድንገት ይቆረጥና ከዝምታው በኋላ በምላስ የሚመጠጥ የሚመስል ጠቅታ ይሰማል። የዐረፍተ ነገሩም ዜማ ይገለበጣል። ሐሳባችንን ስንጨርስ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርግ ሰዎች፥ የኋሊት ስንጫወት ከታች ጀምረን ሽቅብ የምንወጣ እንሆናለን፤ የማናውቀው አገር ሰው የሚናገር ይመስላል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወሬ እንመለስ፤ ተሠውሯል ስለሚባለው ቃል። ወሬው ትልቅ የሆነው በአሜሪካ ነው። በ1969 ከቢትልስ አንዱ የሆነው ፖል ማካርትኒ ሞቷል፥ ሞቱም በሸክላው ውስጥ የኋሊት ተነግሯል ተብሎ ተወራ፤ ሰውየው ግን በሕይወት ነበረ። በ1982 በካሊፎርኒያ ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ ዘፈን የኋሊት እያስጫወተ የሰይጣን ቃል ይሰማበት እንደ ሆነ አዳመጠ። በ1983 በአርካንሳስ እንዲህ ባሉ ሸክላዎች ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ረቂቅ ሕግ ወጥቶ፥ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አገረ ገዢው ቢል ክሊንተን ስለ መለሰው ሳይጸድቅ ቀረ። በ1990 ደግሞ ጁዳስ ፕሪስት የተባሉት የእንግሊዝ ዘፋኞች ሁለት ወጣቶች ለሞት የበቁት በዘፈናቸው ውስጥ በተሠወረ ቃል ምክንያት ነው ተብለው በኔቫዳ፥ በሪኖ ከተማ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛው ተሰማ የተባለው ድምፅ ታስቦ የገባ ሳይሆን በአጋጣሚ የተገጣጠመ ነው ብለው ወሰኑ። ልጆቻቸውን ያጡት ወላጆች ኀዘን እውነተኛ ነበር፤ የተሰጣቸው ምክንያት ግን ልብን ከማሳረፍ ይልቅ አሳቱን ያራገበ ይመስለናል።

ጉዳዩን በሙከራ ያጣሩት በካናዳ የሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጆን ቮኪና ዶን ሪድ ናቸው፤ ሥራቸው በ1985 ታተመ። ሰዎች የኋሊት የተጫወተ ንግግር ሲሰሙ ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት በሚገባ ለዩ። ትርጉሙን ግን አላገኙም፤ ዐረፍተ ነገሩ ጥያቄ ይሁን ዐዋጅ፥ ከሃይማኖት ይሁን ከማስታወቂያ የመጣ እንኳ በግምት ካልሆነ መለየት አልቻሉም። ሁለቱ መምህራን ከገለበጧቸው ንባቦች አንዱ 23ኛው መዝሙር ነበር፤ በእኛ ዳዊት 22ኛው መሆኑ ነው። እነርሱ ራሳቸው ደጋግመው ሲያዳምጡ ቃል የሚመስሉ ድምፆችን ለቃቀሙ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ሰይጣንን የሚጠራ ነበር። ሌሎች አድማጮች ምንም ሳይነገራቸው ሲሰሙ እነዚህን አላገኟቸውም፤ «እንዲህ የሚል አለበት፥ ፈልጉ» ሲባሉ ግን አብዛኞቹ ሰሙት። ምሥጢሩ እንግዲህ ያለው ከቴፑ ውስጥ ሳይሆን ከተነገራቸው ቃል ውስጥ ነበር። ጆሯችን ትርጉም የሌለው ድምፅ ሲያገኝ ባዶውን አይተወውም፤ የተሰጠውን ቃል አንሥቶ ይሞላዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ከቅኔ ጋር ያነጻጽሩታል፤ «ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ የተሠወረ ቃል አለ ቢባል ለምን ይገረማል?» ይላሉ። አባባሉ ደስ ይላል፤ ሆኖም አይስማማም። ባለቅኔው ወርቁን ራሱ ያስቀምጠዋል፤ አድማጩም ቋንቋውን ካወቀ ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል፥ ሁለት አዋቂዎችም ለየብቻ ቢጠየቁ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። የኋሊት ቃል ደጋፊዎች ግን መልሱን ከጥያቄው ቀድመው ይናገራሉ። ስለዚህ «ስሙ፥ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ሲመጣ ከመስማታችን በፊት ዝም እንዲል እንለምነው። ድምፁን ወሬውን ላልሰሙ አምስት ሰዎች ለየብቻ አሰምቶ የሰሙትን በወረቀት ማስጻፍ ይቻላል። ለሌሎች አምስት ደግሞ በቃላት ርዝመት የሚመሳሰል ሌላ ዐረፍተ ነገር ፈጥሮ «ይህን ይላል» ብሎ ማሰማት ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ካልተገናኙና ሁለተኞቹ የፈጠራውን ቃል ከሰሙት፥ ስለ ተናጋሪው የተማርነው ነገር የለም። ይህ ጨዋታ የማይመስለው የሰው ስም ሲነሣ ነው፤ በአንድ የተገለበጠ ቅጂ ምክንያት መምህሩን ወይም ሰባኪውን «እንዲህ አለ» ብሎ መክሰስ ያላለውን እንዳለ አድርጎ መመስከር ነው።

የኋሊት ድምፅ ለከባድ ጥናትም ይውላል። በ1999 ሳቤሪና ፔሮት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ንግግርን ወደ ትናንሽ ቁራጮች ከፍለው፥ የቁራጮቹን ተራ ሳይለውጡ እያንዳንዱን ቁራጭ ብቻ ገለበጡ። ቁራጩ ከሴኮንድ 50 ሺኛ እስካላለፈ ድረስ አድማጮች ንግግሩን በሚገባ ተረዱት፤ 200 ሺኛ ሲደርስ ግን ጠፋባቸው። በ2000 ደግሞ ራሙስና ጓደኞቹ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት የሆላንድንና የጃፓንን ቋንቋ በቀጥታ ሲሰሙ እንደሚለዩ፥ የኋሊት ሲሰሙ ግን እንደማይለዩ አሳዩ፤ ታማሪን የሚባሉት ዝንጀሮዎችም እንደ ሕፃናቱ ሆኑ። ገና አንድ ቃል የማያውቅ ጆሮ የንግግር ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል ማለት ነው።

መልእክትን ከሰው ለመደበቅ ሲሉ ድምፁን ገልብጠው የሚልኩ እንዳሉ እንሰማለን። ይህ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው፤ ተቀባዩ የሚጠቀምበት ገጽ ለሌላውም ክፍት ነው።

ለመዝናናት የሚፈልግ ግን ዴቪድ ሊንች በ1990 «ትዊን ፒክስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ያደረገውን ይሞክር። ተዋንያኑ ቃላቸውን በድምፅ ተራ የኋሊት አጥንተው ተናገሩ፤ ከዚያ ቅጂው ተገልብጦ ሲታይ ቃሉ ቀና ሆነ፥ ነገር ግን አነጋገሩ ከዚህ ዓለም የመጣ አልመስል አለ። በዐማርኛ ለሚጀምር «ማለስ» ብሎ ተናግሮ፥ ቀርጾ፥ መገልበጥ ይበቃል። «ሰላም» የሚል ሰው ይሰማል፤ ስሙን በራሱ ድምፅ ቢያስከትል ደግሞ የበለጠ ይስቃል። ስሙ ውስጥ «ጠ» ወይም «ቀ» ያለበት ጥቂት ቀን ይፈጅበታል።